ከስክሪን ጎን የቆመው መምህር

በኦሃዮ፣ ኮለምበስ ከተማ ኮምፒውተሮች የሚፈሩት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ጀማነህ ነኝ። ገና ከኮሪደሩ ጫፍ ብቅ ስል የደነዘዘው ይነቃል፣ የተቆለፈው ይከፈታል፣ ፕሪንተሩም የተቀረቀረበትን ወረቀት በገዛ ፈቃዱ ይተፋል። የምሠራው ሬይኖልድስበርግ ባለ አንድ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። መታወቂያዬ ላይ «የቴክኖሎጂ ረዳት» ይላል፤ ለሰው ስናገር ግን ኃላፊ ነኝ እላለሁ። ባለቤቴ ማንያህልሻል አጠገቤ ካለች «ረዳት» ብላ ታርመኛለች። ከሌለች እስከ ሚኒስትር ዴኤታነት የሚያግደኝ የለም።

በ2020 ኮቪድ ትምህርት ቤቱን ሲያዘጋ ኦሃዮን ያተረፍኳት እኔ ነኝ። ጭምብሌን አጥልቄ፣ ፓርኪንግ ሎቱ ላይ ቆሜ፣ በመኪና መስኮት ላፕቶፕ ሳድል ሰልፉ ጎረቤት ግዛት ኢንዲያና ድንበር ደርሶ ነበር። ማንያህልሻል ነዳጅ ማደያው ጋ ነው የደረሰው ትላለች፤ እሷ ቤት ነበረች፣ በምን አየች? ከዚያ በኋላ ስልኬ እረፍት አጣ። ሊንኩ አልከፈት ያለው የሐበሻ ወላጅ በሙሉ የሚደውለው ለእኔ ነበር። መጋዘን የምትሠራ እናናዬ የምትባል እናት አንድ ጠዋት ኮል አደረገችኝና መምህሯ ልጄን ሲናን ሚዩት አድርጋታለች ብላ ተቆጣች። ምን አጥፍታ ነው አፏን የሚዘጉት፣ እኔ እኮ ሥርዓት አስተምሬ ነው ያሳደግኳት አለች። የተዘጋው የሁሉም ልጅ ድምፅ እንደሆነ፣ እኔም ራሴ በየስብሰባው ተዘግቼ እንደምውል ነግሬ አረጋጋኋት። የእኔን መዘጋት ስትሰማ ትንሽ ደስ አላት መሰለኝ።

የሲና የሒሳብ መምህር ቃልኪዳን ናት። በልጅነቷ ከአገር ቤት መጥታ ኒር ኢስት ሳይድ የሚባል ሰፈር ያደገች፣ አማርኛዋ እንደ ጀማሪ ብስክሌት ነጂ የሚንገዳገድ ግን የማይወድቅ፣ የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል መምህር። በዚያ ሰሞን ድምፅ ሲጠፋባት፣ ሰሌዳው አልታይ ሲላት እንድደርስላት የክፍሏን ሊንክ ሰጠችኝ። ካሜራዬን አጥፍቼ፣ ድምፄን ዘግቼ፣ በስሜ ፋንታ «ቴክ» ብዬ እገባለሁ። ችግሩን ፈትቼ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣም። ሌላ መምህር እየጠራኝ፣ ሌላ ወላጅ እየደወለልኝ፣ እኔ ቁጭ ብዬ አንዲት ድምፅ እጠብቃለሁ። ያልገባው ነገር ድንገት ሲገባው ልጅ የሚያወጣትን «ኦ!»፤ በየትም አገር ያቺው ናት። እሷን ነበር የናፈቅኩት።

እኔ እኮ መምህር ነበርኩ። ቡሬ ላይ ሒሳብ ካስተማርኳቸው ልጆች ግማሾቹ ዛሬ አገር ያስተዳድራሉ፤ የቀሩት ደግሞ ሊያስተዳድሩ ተሰልፈዋል። ያንን ክፍል ይዤ ሳለሁ ነው ፕላዝማ የመጣው። ትልቅ ስክሪን ግድግዳው ላይ ተተከለ፤ ትምህርቱ በሳተላይት ከሩቅ ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ፣ በጥድፊያ። የእኔ ድርሻ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማስተዋወቅ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ማጠቃለል ሆነ። መሐሉን ከስክሪኑ ጎን እንደ ዘበኛ እቆማለሁ። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ልጆቹ ገና ቁጥሩን ሲገለብጡ «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። በጣም ጥሩ የተባለው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅኩም። ምስሉ ሲጠፋ ገመዱን ለመነካካት የሚደፍረው እኔ ብቻ ስለነበርኩ የቴክኖሎጂ ሰው የሚል ስም ወጣልኝ። ከዚያ ዲቪ ደረሰኝ። መጋዘን ሠራሁ፣ ታክሲ ነዳሁ፣ ዲግሪዬን አስገምግሜ በመጨረሻ ትምህርት ቤት ገባሁ። የገባሁት ግን ያው ከስክሪኑ ጎን ነው።

በቀጣዩ ዓመት ልጆቹ ወደ ክፍል ተመልሰው የኖቬምበሩ ታንክስጊቪንግ በዓል እንዳለፈ ቃልኪዳን ወደ ዕቃ ክፍሌ መጣች። ሆዷ ገፋ ማለቱን ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ጋሼ፣ ፌብሩዋሪ ላይ የወሊድ ሊቭ እወጣለሁ። እስከ ሰመር አልመለስም። ክፍሌን እርስዎ ይያዙልኝ።»

«እኔ?»

«ዲግሪ አለዎት፣ ተተኪ መምህር መሆን ይችላሉ። ደግሞ ካሜራ ዘግተው ዓመት ሙሉ ክፍሌ ሲቀመጡ የማላይ መሰለዎት?»

የተጠቀለለ ገመድ አንስቼ እንደገና መጠቅለል ጀመርኩ። እኔ፣ መልስ ለማይፈልግ ጥያቄ ሁለት መልስ የምሰጥ ሰው።

በዚያው ሳምንት ነጭ ሰሌዳ ገዝቼ ኩሽና ሰቀልኩ። ማንያህልሻል ሳህን ስታጥብ ከኋላዋ ቆሜ ከዜሮ በታች ያሉ ቁጥሮችን አስተማርኳት። ጥያቄ ካለሽ እጅሽን አውጪ ስላት እጄ ሳሙና ነው አለችኝ፤ ከዜሮ በታችንማ በጃንዋሪ የመኪና በረዶ ስፍቅ ተምሬዋለሁ ብላ ጨመረች። ግን ሂድልኝ አላለችኝም። እንደውም አንዴ ዞር ብላ፣ ሁለት ኔጌቲቭ ሲባዙ ለምን ፖዘቲቭ እንደሚሆኑ ጠየቀችኝ። ሳላውቀው ድምፄ ተለወጠ፤ የቡሬው ድምፄ ተመለሰ። እሷም ሰማችው መሰለኝ፣ ቧንቧውን ዘጋችው።

ክራቫት አስሬ ዳይሬክተሯ ሚስስ ሀርፐር ዘንድ ገባሁ። የቃልኪዳን ክፍል ይሰጠኝ የሚለውን ጥያቄዬን በጥሞና ሰማች። ከዚያ እኔው ራሴ የተናገርኩትን ትቆጥርልኝ ጀመር። ኦገስት ላይ በመምህራን ስብሰባ ተነስቼ አንድ ቀን ብቀር ይህ ትምህርት ቤት ይታወራል ብዬ ነበር። ከትምህርት ዲስትሪክቱ ለመጡ እንግዶች የዚህ ሕንፃ ኔትወርክ ያለው ጭንቅላቴ ውስጥ ብቻ ነው ብያለሁ። ሁሉንም ሰምታለች። ይባስ ብሎ አምናኛለች።

«ጀማነህ፣ መምህር ፈልጌ አገኛለሁ» አለችኝ። «ሌላ አንተን ግን ከየት አመጣለሁ?»

ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ እንድባል ስመኝ ኖሬ፣ የተባልኩት ልሰማው በማልፈልግበት ቀን ሆነ። ከጉሮሮዬ ወጥቶ የማያውቅ ነገር ያኔ አወጣሁ።

«የእኔን ሥራ ማንም ይሠራዋል። አብዛኛው አጥፍቶ ማብራት ነው።»

እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሳቀች። እንዲህ ያለ ትሕትና በሥራ ዘመኗ አይታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ማስረጃ አቀረብኩ፦ ፕሪንተሩ የሚፈልገው በሩን ከፍቶ መዝጋት ብቻ እንደሆነ፣ የሚከብደኝን ሁሉ ዲስትሪክቱ ቢሮ ላለ ወጣት ደውዬ እንደማሠራው፣ እሱ ባያነሳ የምይዘው የምጨብጠው እንደሚጠፋኝ። በተናገርኩ ቁጥር ትሕትናዬ ከፍ እያለ ሄደ። በሳምንቱ «የቴክኖሎጂ ኮኦርዲኔተር» የሚል አዲስ መታወቂያና መስኮት ያለው ቢሮ ሰጠችኝ። መስኮቱ የሚያየው የቃልኪዳንን ክፍል ነው።

ማንያህልሻል ሹመቱን ለዘመድ አዝማድ አዳረሰችው። አሁን «ረዳት» የሚል ሰው ካለ የምታርመው እሷ ናት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግን መኪና ውስጥ ጎን ጎኔን ታየኝ ነበር።

«ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ሲልህ ዝም አልክ» አለችኝ። «አሞሃል?»

«ደህና ነኝ።»

«ክፍሉ ነው?»

መሪውን ይዤ ፊት ፊቴን አየሁ። መብራት ይዞን ስንቆም፣ ወደ መስኮቱ ዞራ፣ «ያቺን ሰሌዳ አላወረድኳትም» አለች።

ቃልኪዳን የወጣች ዕለት ክፍሉን የተረከበው ሚስተር ዌብ የሚባል፣ በየጠዋቱ ኮለምበስ ዳር ካለችው ደብሊን እየነዳ የሚመጣ ጡረተኛ መምህር ነው። እንድጠላው የሚያበቃ ጥፋት በብርቱ ፈለግኩ። አጣሁ። ይታገሣል፣ የልጆቹን ስም በሁለት ቀን ያዘ፣ የሲናንም ስም አላበላሸም። እኔም በአዲሱ ሥልጣኔ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ የሌሎቹ ክፍሎች ዕቃ በሳምንት አንዴ ይፈተሻል፣ የዚያ ክፍል ግን በየቀኑ። ምክንያቱን የጠየቀኝ የለም፤ የኮኦርዲኔተር ደንብ ይከበራል። ገብቼ የማይላላ ገመድ አጠብቃለሁ፣ ንጹሕ መስታወት እወለውላለሁ፣ ጆሮዬን ጥዬ እወጣለሁ።

ማርች መጨረሻ ላይ ሚስተር ዌብ ራሱ ጠራኝ። ስማርት ቦርድ የሚሉት የስክሪን ሰሌዳ እስክሪብቶው አልጽፍ ብሎታል። ሄጄ አየሁት፤ ባትሪው አልቋል። ከኪሴ አውጥቼ ለወጥኩለት፤ ለሰው ሳወራው የሦስት ሰዓት ቀዶ ሕክምና ይሆናል። አሁን መሥራቱን ለማረጋገጥ አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ። ሌላ ክፍል ብሆን ክብ ነገር ሞነጫጭሬ እወጣለሁ። እጄ ግን የፈለገውን ጻፈ፦

x + 7 = 3

ከኋላዬ ጫጫታው ቀነሰ።

«ኔጌቲቭ ፎር» አለች ሲና።

«ሊሆን አይችልም» አለ ከኋላ ጆሲ የሚባለው፣ ጭምብሉን አገጩ ላይ ያንጠለጠለ ልጅ፣ በእንግሊዝኛ። «ሰባት ጨምረህ እንዴት ያንሳል?»

«ከየት ጀምረህ ነው የጨመርከው?» አልኩት። ጥያቄው የቡሬ ነው፣ እንግሊዝኛው የኦሃዮ። ጆሲ ጣሪያውን አየ። ጣቶቹን ጠረጴዛው ሥር ማንቀሳቀስ ጀመረ። ክፍሉ ጠበቀው፤ እኔም ጠበቅኩት፣ ስክሪኑም እንደ እኛው ጠበቀ።

ሚስተር ዌብ ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ባዶ ወንበር ስቦ ከልጆቹ መሐል ተቀመጠና እስክሪብቶው ሠርቶ እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ገና እርግጠኛ አይደለሁም» አልኩት፤ ከሥሩም ሌላ ጻፍኩ።