ሶፋው እስኪወጣ

ተማሪዎቹ «ወንፊት» ይሉኛል። ፊት ለፊት አይሉኝም፤ ኮሪደሩ ላይ ሲንሾካሾኩ ነው የሰማሁት። አልተቀየምኩም። ሥራዬ ማጣራት ነው፤ ጭልፋ ቢሉኝ ነበር የምቀየመው።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ የተማሪዎች ድጋፍ ክፍል የመረጃ አጣሪ ነኝ። የትምህርት ወጪውን መቻል ያቃተው ተማሪ ቅጽ ይሞላል፤ ቤታችን ይሄ ይሄ አለ፣ ይሄ ይሄ የለም ይላል። ኮምፒውተሩ ከቅጾቹ ውስጥ ደስ ያለውን ይመዛል፤ እኔ ደግሞ የተመዘዘው ልጅ ቤት ድረስ ሄጄ እውነት መሆኑን አያለሁ። ዕቃ ሁሉ ነጥብ አለው። ቴሌቪዥን ነጥብ ነው፣ ማቀዝቀዣ ነጥብ ነው፣ ሶፋ ነጥብ ነው። ነጥቡ ከወሰኑ ካለፈ ድጋፉ ይቀራል። የለም ተብሎ የተጻፈ ዕቃ ቤት ውስጥ ከተገኘ ግን ጉዳዩ የነጥብ መሆኑ ይቀርና ሐሰተኛ መረጃ ይባላል፤ ልጁም ድጋፉን ብቻ ሳይሆን ትምህርቱን ያጣል።

ዋናው ደንባችን፣ የታየ ይጻፋል፣ የተሰማ አይጻፍም ነው የሚለው። ከኔ በፊት የነበረው አጣሪ ሆደ ቡቡ ስለነበር ነው የወጣው። ሰው ሲያለቅስ አብሮ እያለቀሰ፣ የተለቀሰውን ሁሉ ቅጹ ላይ እያሰፈረ ኖሮ፣ በመጨረሻ የአንድ ባለ ሦስት መኪና ነጋዴ ልጅ ሙሉ ድጋፍ አገኘ። አጣሪው ወደ ቤተ መጻሕፍት ተዛወረ፤ እኔ መጣሁ። ሁለተኛው ደንብ ደግሞ አጣሪ አንዴ ከቤቱ ከወጣ ተመልሶ አይገባም ይላል። የቤቱ ኃላፊ ይፈርማል፣ አጣሪው ይወጣል፣ ቅጹ ይዘጋል።

በዚህ ሥራ ያላየሁት የለም። አልጋ ሥር የተኛ ቴሌቪዥን አይቻለሁ። ብርድ ልብስ ለብሶ ጥግ ላይ የቆመ ማቀዝቀዣ «አያታችን ናቸው፣ አሟቸው ነው» ተብዬ አውቃለሁ፤ አያትየው ሞተራቸው ሲነሳ ይሰማኝ ነበር። ሰው ያለውን ሲደብቅ ለምጃለሁ። የሌለውን ሲያስቀምጥ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አላየሁም።

ጥፋቱ የአለቃዬ ነው። ድሮ ሳናስታውቅ ነበር የምንሄደው። አለቃዬ አንድ ሥልጠና ተካፍሎ መጣና፣ ሰው ቤት ሳያስታውቁ ዘው ማለት ነውር ነው፣ ከአሁን በኋላ ከአንድ ቀን በፊት ይደወል አለ።

«ዕቃቸውን ይደብቃሉ እኮ» አልኩት።

«ታዲያ አንቺ ለምን አለሽ?» አለኝ።

ስለዚህ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው የተማሪዋ እናት ነበረች። ከዩኒቨርሲቲው መሆኔን፣ ስለ ልጅዋ ጉዳይ ነገ እቤታቸው እንደምመጣ ነገርኳት። «እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ፣ ገና ሳልመጣ።

ልጅቷ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ድጋፉ እስከ ሰኞ ካልታደሰ ከመኝታ ክፍሏም ከትምህርቷም እንደምትወጣ ተነግሯታል። ቅጹን የሞላችው ራሷ ናት፣ ቁልጭ ባለ የእጅ ጽሑፍ። እናት፣ የክሊኒክ ጽዳት ሠራተኛ። አባት፣ በሕይወት የሉም። ቴሌቪዥን የለም። ማቀዝቀዣ የለም። ሶፋ የለም።

በማግስቱ ከሰዓት በሩን የከፈተችልኝ ልጅቷ ነበረች። ፊቷ አመድ መስሏል። ከኋላዋ ቴሌቪዥን፣ ማቀዝቀዣና አንድ ቀይ ሶፋ ይታዩኛል።

«ይግቡ እህቴ፣ ይግቡ! እዚያ ምቹው ሶፋ ላይ አረፍ ይበሉ» አለች እናትየው። ፀጉሯን ተሠርታለች፤ የክት ልብሷን ለብሳለች። አረፍ አልኩ። ክፍሉ ከሶፋው እምብዛም አይበልጥም፤ የሶፋው አንድ ጎን የጓዳውን በር ግጥም አድርጎ ዘግቶታል። ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው ሶፋ ሲገዛ የጓዳውን በር ረስቶ አይገዛም። ይህን ግን በዓይኔ አላየሁትም፤ ያሰብኩት ነው፤ የታሰበ ደግሞ አይጻፍም።

ቅጹን አወጣሁ። ዕቃው የሚሠራ መሆኑ ይረጋገጥ ስለሚል ቴሌቪዥኑን እንድትከፍትልኝ ጠየቅኳት። እናትየው ሄዳ ከፊቱ ነካ ነካ አደረገችው፤ ከጎኑም ዳበስ ዳበስ አደረገችው። ከዚያ ዞር ብላ «መብራት ጠፍቷል መሰለኝ» አለች። ሦስታችንም ቀና ብለን በላያችን ላይ ቦግ ብሎ የበራውን አምፖል አየን።

«ቀዝቃዛ ውኃ ልስጥዎት» ብላ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ውስጡ ከላይ እስከ ታች ለስላሳ መጠጥ ተደርድሯል፤ ሌላ አንዲት ነገር የለም። እሷም እንደኔ ያኔ ማየቷ ነበር መሰለኝ፣ ቶሎ ዘጋችውና ውኃውን ከጆግ ቀዳችልኝ።

«ይሄ ሁሉ ዕቃ የቤቱ ነው?» አልኳት። ደንቡ ጠይቂ ይላል።

«ታዲያ የማን ሊሆን ነው?» አለች ኮስተር ብላ። «ልጄ ከደህና ቤት የወጣች ናት። አባቷ ቢሞትም የሰው ፊት ሳላሳያት ነው ያሳደግኳት። ይሄንን ሄደው ይንገሩልኝ።»

«እማ…» አለች ልጅቷ።

«አንቺ ዝም በይ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር!»

ነገሩ ያኔ ገባኝ። እናትየው የመጣሁት ልጅዋ ለዩኒቨርሲቲው የምትመጥን መሆኗን ለማየት መስሏታል። ቅጽ የሚባል ነገር መኖሩን አታውቅም። ሰፈሩን አስቸግራ፣ ለምና፣ አሸክማ፣ ቤቷን ሞልታ የጠበቀችኝ ልጅዋን ለማስከበር ነው። በዚያው እጇ ልጅዋን እያስባረረቻት ነው። እኔ እርሳሴን ይዤ ሶፋው ላይ ተቀምጫለሁ፤ እውነቱን ለመናገር አንጀቴን በላችው። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። በአለቃዬ ነው የተናደድኩት፣ እሱ ግን አጠገቤ አልነበረም።

እናትየው ሻይ ልታፈላ ወደ ደጅ ስትወጣ ልጅቷ ጠጋ አለችኝ።

«የኛ አይደሉም» አለች በሹክሹክታ። «እንግዳ አለ ብላኝ ከክፍል ስመጣ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የለንም ብዬ መጻፌን አልነገርኳትም፤ ታዝናለች ብዬ።»

«እኔ አልሰማሁሽም» አልኳት።

«የኛ አይደሉም ነው የምልዎት…»

«ልጄ፣ ጆሮዬ ደህና ነው። ግን የተሰማ አይጻፍም። የምሄድበት ቤት ሁሉ ዕቃው የተውሶ ነው ይለኛል፤ ቅጹ ላይ ደግሞ ተውሶ የሚባል ሳጥን የለም። እኔ የማየውን ነው የምጽፈው። አሁን የማየው ሶፋ ነው።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። ደግ ሰው መሆን ያለብኝ ሰዓት እንደሆነ ገባኝ፤ ብዙ ስላልለመድኩት ትንሽ ቆየሁ።

«ባለቤቶቹ ዕቃቸውን አይፈልጉትም?» አልኳት።

«ይፈልጉታል እንጂ። ሲመሽ ሊወስዱ ነው።»

«እንግዲያው ሻዩን በዛ አድርጉት» አልኩና ጫማዬን ፈታሁ።

ሻዩ መጣ፤ ጠጣሁ። ይደገም ብዬ ደገምኩ። እናትየው መጀመሪያ ደስ አላት፤ ቀጥሎ ግን በሩን በሩን ታይ ጀመር። ጉልበቴን እንደሚያመኝ ነገርኳት፤ እውነት ነው። ሶፋው እንደተስማማኝም ነገርኳት፤ እሱም እውነት ነው። ስለ እህቴ ልጆች አጫወትኳት፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ጨዋታዬ አለቀና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

«ምሽቱ መጣብዎት፣ መንገዱስ?» አለች እናትየው።

«ግድ የለም፣ ቅርብ ነኝ» አልኳት። ሁለት ታክሲ ነው የምይዘው።

በሩ ተንኳኳ። አንድ ጡረተኛ ጎረቤት አንገታቸውን ብቅ አድርገው «እንግዳዋ አልሄደችም እንዴ? ኳሱ ሊጀመር ነው እኮ» አሉ። እናትየው እንደ ቆመች ደርቃ ቀረች።

«ይግቡ አባቴ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ገቡ። ምን እንደሚያደርጉ ግራ ገብቷቸው አጠገቤ ቁጭ አሉ። የቤቱ እመቤት በዓይኗ ትለምናቸዋለች። ኳሱ ግን ኳስ ነው፤ ጥቂት ታገሡና ከኮት ኪሳቸው ሪሞት አወጡ፣ ቴሌቪዥኑ ሳይለግም ቦግ አለላቸው። እናትየው ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔም ሪሞት ከማን ኪስ እንደወጣ በዓይኔ ስላየሁ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላማ ጉድ ፈላ። የሰፈሩ ባለሱቅ መጣች፤ ደንበኞቿ ሞቃት ለስላሳ እየመለሱባት መሆኑን ከበር ጀምራ እየተናገረች ገባችና፣ እኔን ስታይ «ውይ» አለች። «ውሰጂው እህቴ፣ ሥራሽን አትፍቺ» አልኳት። ማቀዝቀዣውን አሸክማ ወሰደችው፣ ጠርሙሶቹ እየተንኳኩ። ጡረተኛውም እረፍት ሰዓት ላይ ነቀሉና፣ ሁለተኛው አጋማሽ ሳያመልጣቸው ቴሌቪዥኑን ታቅፈው ሮጡ። በመጨረሻ የሶፋው ባለቤት፣ የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ፣ ከአንድ ጓደኛው ጋር መጣ።

«ይቅርታ እናቴ፣ ደንበኞቼ ቆመው ነው የሚጠብቁት» አለኝ። ተነሳሁ። ሶፋውን አዘንብለው በበሩ አወጡት። የጓዳው በር አሁን ገርበብ ብሎ ተከፈተ፤ ከውስጡ አንድ ጠባብ አልጋና አንድ የእንጨት በርጩማ ታዩኝ። ልጅቷ በርጩማውን አምጥታ አስቀመጠችልኝ።

እናትየው ባዶው ክፍል መሐል ቆማለች።

«አሁን ደስ አለሽ?» አለችኝ። እርስዎ ማለቷ ቀርቷል። «እንግዳ መስለሽ ገብተሽ፣ ሻዬን ጠጥተሽ፣ ገበናዬን ለማየት ነው የተጎለትሽው?»

«አዎ» አልኳት፤ ምን ልበላት? አፈርኩ። በዚህ ሥራ ብዙ ተሰድቤአለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ያሰብኩት ተሳክቶልኝ የተሰደብኩበትም፣ ስድቡ የገባኝም ጊዜ የለም።

በርጩማው ላይ ሆኜ ጻፍኩ። ሶፋ የለም። ማቀዝቀዣ የለም። ቴሌቪዥን የለም። ነጥቡ ከወሰኑ እጅግ በታች ሆነ። ቅጹን ወደ እናትየው ዘረጋሁና እዚህ ጋ ይፈርሙ አልኳት።

ተቀብላ አነበበች፤ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች። ከዚያ መለሰችልኝ።

«አልፈርምም» አለች። «ቤቴ ባዶ ነው ብዬ በገዛ እጄ አልፈርምም። ሞቼ ነው!»

ያላሰብኩት ይሄ ነበር። ዕቃው እስኪወጣ መቀመጥ እችላለሁ፤ የሰው ክብር እስኪወጣ ግን ምን ላይ ይቀመጣል? ያልተፈረመ ቅጽ ደግሞ እንዳልተሞላ ይቆጠራል። ልጅቷ ቅጹን ከእጄ ወስዳ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠችና ለእናቷ አሳየቻት።

«እማ፣ ይሄን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የኔ ጽሑፍ ነው፣ እዪው።»

እናትየው አየችው። የልጅዋን ጽሑፍ ታውቀዋለች።

«ጓደኞችሽ አይተውታል?»

«አጠገቤ ሆነው ነው የየራሳቸውን የሞሉት።»

«አላፈርሽም?»

«አላፈርኩም» አለች ልጅቷ። «እናቴ ክሊኒክ ታጸዳለች ብዬም ጽፌአለሁ። ይኸው እዚህ ጋ።»

እናትየው ጽሑፉን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ በርጩማውን እንድለቅላት በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፤ ተነሳሁ፣ ተቀመጠች፤ ቅጹን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ፈረመች። ፈርማም አልመለሰችልኝም።

«ሻዩ የኔ ነው» አለች። «ቅጠሉም ስኳሩም የገዛሁት ነው። እሱንም ጻፊ።»

«ለሻይ የሚሆን ሳጥን የለውም እኮ…»

«አይተሻል አላየሽም?»

አይቻለሁ። እንዲያውም ከልክ በላይ ነው ያየሁት። ቅጹን ተቀብዬ ከታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ «ሻይ አለ፤ የራሳቸው ነው» ብዬ ጻፍኩ።

«ብርጭቆዎቹስ?» አልኳት፣ ሥራ ነውና።

እናትየው ብርጭቆዎቹን አየቻቸው። «የባለሱቋ ናቸው» አለች። ልጅቷ ሳቋ አመለጣት፤ አፏን ብትይዘውም አልቆም አላት። እናትየው ልትቆጣት ዞራ፣ እሷም ሳቀች።

ጫማዬን አሰርኩ። ልጅቷን ሰኞ ከክፍል እንዳትቀሪ አልኳት። እናትየው እስከ ደጅ ሸኘችኝ፤ መንገዱ ጨልሞ ስለነበር እስከ ጥጉ ድረስ ክንዴን ይዛኝ ሄደች። እዚያ ስንደርስ ለቀቀችኝ።

«ሌላ ጊዜ ሳይነግሩን ይምጡ» አለችኝ።