ግድግዳ የሚያልፍ ስቴካ

ባቡሩ በቆመበት ዓመት ናዝሬትን እንቅልፍ እንቅልፍ ይላት ነበር። ጦርነቱ በድሬዳዋ በኩል ያለውን ሐዲድ ከቆረጠው ወዲህ ከአዋሽ ወዲያ የሚሻገር ፉርጎ የለም። ጋሪ ነጂዎቹ ጣቢያው በር ላይ ፈረሶቻቸውን እንዳቆሙ ያንቀላፋሉ፣ ፈረሶቹም አብረዋቸው ያንቀላፋሉ። ነፋሱ እንኳን የረባ ሥራ ስላጣ አቧራውን ከአንዱ የመንገድ ዳር ወደ ሌላው ሲያመላልስ ይውላል። የባቡር ነጂው ንዋይ ደመወዙ ሳይቋረጥ የሚነዳው ነገር ጠፍቶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቢሊያርድ ይጫወት ነበር። እንዲህ ያለ ዓመት በዕድሜው አንዴ ቢገጥመው የሚጠላ ሰው የለም፤ ንዋይም አልጠላም።

ጠረጴዛው ያለው ከጣቢያው ፊት ለፊት፣ በድሮው ቡና ቤት ውስጥ ነው። መረብ የተንጠለጠለባቸው ስድስት ኪሶች ያሉት ትልቅ የስኑከር ጠረጴዛ ነው። እንግሊዞች ትተውት ሄዱ ይባላል፤ ሊሸከሙት ስላልቻሉ ነው እንጂ ለናዝሬት ሰው አዝነው አይደለም። ከአረንጓዴው ጨርቅ ሥር ያለው ጥርብ ድንጋይ ነዋ! ትርፍ ቤት ሲወረስ ቡና ቤቱ የቀበሌ ሆነ። ቀበሌው ደግሞ ይህን የሚያህል አዳራሽ ለጨዋታ ብቻ አይሆንም ብሎ ለሁለት እንዲከፈል ወሰነ። አናጢው ራህመቶ መሐሉን ለካ፣ በኮምፔንሳቶ ግድግዳ አቆመ፣ የመጨረሻውን ምስማር መትቶ ዞር ሲል ግድግዳው ከጠረጴዛው የሚርቀው አንድ ክንድ ከስንዝር ብቻ ሆኖ አገኘው። ስቴካ የሚሉት የመጫወቻው ዱላ ደግሞ ከመሬት ቢቆም የሰው ትከሻ ይደርሳል።

«ጠረጴዛውን ለክቼ ነበር እኮ!» አለ ራህመቶ።

«ጠረጴዛው መቼ ይጫወታል? የሚጫወተው ሰው ነው!» አሉት ጋሽ ኃይለየሱስ። ጋሽ ኃይለየሱስ የቤቱ ጠባቂ ናቸው፤ ከጠረጴዛው ጋር አብረው ያረጁ።

የቀበሌ ግድግዳ አይነካም። ስለዚህ ስቴካ ነው የተቆረጠው። አንዱን በመጋዝ አሳጠሩትና ድንክዬ ብለው ስም አወጡለት። ኳሷ በግድግዳው በኩል በቆመች ቁጥር ሰው ሁሉ ድንክዬን ያነሳል። ንዋይ ግን ድንክዬን ሲይዝ የሰው እጅ የተዋሰ ይመስለዋል። ወደ ኋላ ሲስበው ክብደቱ ይጠፋበታል፣ ሲመታ ይቸኩላል፣ ኳሷም የኪሱ አፍ ላይ ደርሳ ትቀራለች። እሱ የተማረው በሙሉ ስቴካ ነው። ያስተማሩትም ጋሽ ኃይለየሱስ ናቸው።

«ቀኝ እግርህ መስመሩ ላይ ይሁን። አገጭህ ስቴካውን ይንካ። ዓይንህ ግን የምትመታት ነጯ ኳስ ሄዳ የምታርፍበትን ቦታ ይይ። እዚያ ሌላ ኳስ አለች። የለችም፣ ግን አለች። ለሷ ነው የምትልክላት።»

ንዋይ የሌለችውን ኳስ ማየት ከለመደ ቆይቷል። ጎንበስ ሲል ጨርቁ ላይ የጭጋግ ክብ ሆና ትመጣለታለች፣ ነጯ ስትደርስባት ትጠፋለች። ለሰው ቢነግር ጸበል ይወስዱት ነበርና ለማንም አልነገረም።

በመጨረሻ ራህመቶ፣ አፍሮም ይሁን የጋሽ ኃይለየሱስ ጭቅጭቅ ሰልችቶት፣ ግድግዳው ላይ በጠረጴዛው ከፍታ ልክ አግድም ሽንቁር አወጣ። የፖስታ ሳጥን አፍ ይመስላል፤ ወርዱ አንድ ክንድ ይሆናል። ንዋይ ሙሉውን ስቴካ ሲስብ ጭራው በሽንቁሩ ማዶ ገብቶ፣ ሲመታ ይመለሳል። ማዶ ያለው የቀበሌው የስንዴ ጆንያ ስለነበር ቅር ያለው አልነበረም። ኋላ ግን ጆንያው ወጥቶ ዲንቄ ገባች።

መግባቷን ንዋይ ያወቀው ስቴካውን ሲስብ ነው። ጭራው አንድ ነገር ገጨ፤ ቆርቆሮ ወደቀ፣ ብዙ ጥቃቅን ነገር ወለሉ ላይ ሲበተን ተሰማ።

«ማነው ይሄ ባለጌ? የሸሚዝ ቁልፌን ሙልጭ አድርጎ በተነው!» አለ የሴት ድምፅ።

ንዋይ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። «ይቅርታ እመቤት። ሰው መኖሩን አላወቅኩም።»

«ሰውማ አለ። ሰው ቤት ዱላ ይዞ መግባት የት አገር ነው ያዩት?»

«ዱላው ነው የገባው፤ እኔ አልገባሁም።»

ቁጥብ ከሆነው ንዋይ እንዲህ ያለ መልስ ማንም አልጠበቀም፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከማዶም የታፈነ ሳቅ የሰማ መሰለው።

ዲንቄ ባሏን ፈትታ ከቡልቡላ የመጣች ልብስ ሰፊ ናት። ቀበሌው ያንን ግማሽ አዳራሽ የሰጣት የሚሊሺያ ልብስ እንድትሰፋበት ነው። በሯ ወደ ኋላ፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ መንገድ ይከፈታል። ሽንቁሩን እንዳትደፍነው ጋሽ ኃይለየሱስ ራሳቸው ሰግተው ነበር፤ እሷ ግን ቁራጭ ካኪ ጋርዳበት፣ የቁልፍ ጣሳዋን ከመንገዱ ዞር አድርጋ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ጭራው ካኪውን እየገለጠ ይገባል፣ ካኪውን እየመለሰ ይወጣል። እሷም ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል የምታየው እሱኑ ነው።

አንድ ቀን መኪናዋን አቆመች።

«ሰውዬ፣ ልንገርዎት ወይስ ልተው?»

«ይንገሩኝ።»

«ዱላዎ ወደ መስኮቴ ካዘነበለ ሰዎቹ ‹ውይ› ይላሉ። ቀጥ ብሎ ሲመጣ ደግሞ ጸጥ ይሉና ኳሷ መረቡ ውስጥ ስትወድቅ ይሰማኛል። ሁልጊዜ እንዲሁ ነው።»

ንዋይ አላመነም። አንዴ መታ፣ ሳተ። «ወደ መስኮት» አለች ከማዶ። ደግሞ ሳበ፤ አሁን ክርኑን ወደ ጎኑ ሰብስቦ፣ ዕቃ የሞላ ትሪ እንደሚይዝ ተጠንቅቆ። «ኤዬ» አለች፣ በኦሮምኛ አዎ ማለቷ ነው። ኳሷ ገባች። ጋሽ ኃይለየሱስ ስንት ዘመን ሙሉ ከፊት ሆነው ሲያዩት፣ ክርኑ ወደ ውጭ መሸሹን የገዛ ሰውነቱ ይጋርድባቸው ነበር። አሁን ሲያስቡት በራሳቸው ሳቁ።

የዚያ ዓመት ነገር ከዚያ በኋላ እንደ ሕልም ነው። ሙቀቱ ቆርቆሮውን ቋ ቋ ያደርገዋል፣ የስፌት መኪናው ከማዶ ያጉረመርማል፣ ንዋይ ያንን ድምፅ እየሰማ ይስባል፣ ይመታል፤ «ኤዬ» ይባላል፣ ኳስ ትገባለች። ከሞጆ የመጡ ሾፌሮች ተሸንፈው ተመለሱ። ተጫዋች በሌለበት ሰዓት እንኳ ነጯን ሳይነካ ስቴካውን ብቻ ቀስ እያለ ወዲያና ወዲህ ያመላልሳል። ጋሽ ኃይለየሱስ ምን እያደረግህ ነው ሲሉት «ልምምድ ነው» ይላል። ማዶ መኪናው ይቆምና ወሬ ይጀመራል። እሷ ስለ አብጃታ ሐይቅ ትነግረዋለች፤ ሮዝ ወፎቹ ጠዋት ሲነሱ ሐይቁ ራሱ ተነስቶ የሚሄድ እንደሚመስል፣ ልጅ ሳለች እንዳይሄድባት ትፈራ እንደነበር። እሱ ስለ አዋሽ ድልድይ ይነግራታል፤ ባቡሩ ሲያልፍበት ከታች ገደሉ በሌላ ባቡር ድምፅ እንደሚመልስ። «የሌለ ባቡር?» አለችው። «የሌለ፣ ግን የሚሰማ» አላት። እሷም አልሳቀችበትም። ያን ዕለት ስለ ሌለችው ኳስ ነገራት።

ይወዳታል። ሌላ ቃል የለውም፣ ይወዳታል። አይቷት ግን አያውቅም። ካኪውን ገልጦ ማየት ነውር ነው፤ መልካም። በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞሮ በሯን ማንኳኳትስ ማን ከለከለው? መንገዱ አንድ ሲጋራ አያስጨርስም! ፈሪ ነው እንዳይባል፣ ጥይት በሚጮህበት ሰዓት ወታደር ጭኖ አዋሽ ድረስ የነዳ ሰው ነው። ግን የሌለችውን በማየት የኖረ ሰው ካለችው ፊት ቢቆም ምን ያደርጋል? እውነቱን ለመናገር፣ እምቢ እንዳትለው ነው የፈራው። ነገ እሄዳለሁ ይላል። ባቡር በቆመበት አገር ነገ የትም አይሄድም ብሎ ይሆናል።

ሐዲዱ ተጠገነ። ጣቢያው ተጠረገ፣ ባንዲራ ተሰቀለ፣ ጋሪ ነጂዎቹ ነቁ። ሰኞ የመጀመሪያው ባቡር ወደ ድሬዳዋ ይነሳል፤ የሚነዳው ንዋይ ነው፤ ሥራውም ከእንግዲህ እዚያው ድሬዳዋ ነው ተባለ። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ሲለው፣ እሱ አዳራሽ ገብቶ ስቴካውን በሽንቁሩ ላከ። መኪናው ቆመ።

«ሐዲዱ ተከፈተ አሉ» አለች ዲንቄ።

«ሰኞ። እኔንም ድሬዳዋ መደቡኝ።»

«ዱላውስ?» አለች።

«ዱላው የግሌ ነው። ይዤው እሄዳለሁ።»

«ኤዬ» አለች። ቀጥ ብሎ ሲመጣ የምትለው ኤዬ አልነበረም።

አሁን ተናገር፣ አለ ንዋይ ለራሱ። አፉን ከፈተ። «ድሬዳዋ ለስቴካው ጫፍ የሚቀባ ጠመኔ ይገኝ ይሆን?» አለ። አይ ንዋይ! እሷም ስለ ጠመኔ የማውቀው ነገር የለም ብላ መኪናዋን አስነሳች፤ ያን ቀን ደግማ አላቆመችም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሃምሳ አለቃ ወልደአማኑኤል ከደብረ ዘይት መጣ። የአየር ኃይል ሰው ነው፤ ንዋይ ሳይሄድበት አንዴ ማሸነፍ አለብኝ ብሎ የመጣ። አዳራሹ ጢም አለ፣ መስኮቱ ላይ ሳይቀር ሰው ተንጠለጠለ። ኳሶቹ አንድ በአንድ አልቀው ጥቁሯ ብቻ ቀረች። እሷን ያስገባ አሸነፈ፤ ሳይመታ ነጯን የነካ ደግሞ ተሸነፈ። ተራው የንዋይ ነው፤ ነጯም ግድግዳው በኩል፣ ልክ ከሽንቁሩ ፊት ቆማለች።

ንዋይ እግሩን መስመሩ ላይ አደረገ፣ አገጩን አወረደ። የሌለችው ኳስ አልመጣችም። ጠበቃት። የሚታየው ጨርቅ ብቻ ነው። ይህን መትቶ ሲያበቃ ስቴካውን ይነቅላል፣ ካኪውም ይመለሳል፣ በቃ ያ ነው መጨረሻው። ይሁን ብሎ ክርኑን ሰበሰበ፣ ቀስ አድርጎ ሳበ፤ ጭራው ካኪውን ገልጦ ገባ። ወደፊት ሊገፋው ሲል አልመጣም።

የተነከሰ መሰለው። ደግሞ ሞከረ። ስቴካው ጥቂት መጣና ተመልሶ ተሳበ።

«ምን ሆንክ? ምታ እንጂ!» አሉ ጋሽ ኃይለየሱስ።

እንጨቱ በመዳፉ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። የሱ እጅ አልነበረም የሚንቀጠቀጠው። ሃምሳ አለቃው አንገቱን አሰገገ፤ ንዋይ ግን ፊቱ ቀስ በቀስ እየበራ፣ እንደዚያ ጎንበስ እንዳለ ቆየ። ከዚያ ጣቶቹን ከፈተ። የስቴካው ጫፍ ጨርቁ ላይ ወደቀና ነጯን ነካት።

«ነካ! ነካ! ተሸነፈ!» ብሎ ጮኸ ሃምሳ አለቃው። ጩኸቱ ጣሪያውን ሲያናጋው ንዋይ በሰው መሐል እየተጋፋ ወጥቶ ነበር።

በጋሪዎቹ አጠገብ አለፈ፣ በወፍጮ ቤቱ ታጠፈ። መጀመሪያ ይራመድ ነበር፤ ወደ መጨረሻው ላይ ሮጠ። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ፣ በካኪ ክምር መሐል፣ አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታው ቆማለች። የስቴካውን ጭራ በሁለት እጇ አንቃ ይዛዋለች፣ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ።

«አልለቅም!» ትላለች ለግድግዳው። «ሰማህ? ዓመት ሙሉ ቤቴ ስትገባ ስትወጣ ከርመህ፣ አሁን ይዤው እሄዳለሁ ትለኛለህ? አልለቅም! ከፈለግህ ዞረህ መጥተህ ንጠቀኝ!»

«እኔ ከለቀቅኩት ቆየሁ» አላት ንዋይ ከበሩ።

ዲንቄ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ ደግማም አየችው።

«ረጅም ሰው ትመስለኝ ነበር» አለች።

«ረጅሙ ዱላው ነው።»

ሳቋ መጣባት፣ እንባዋም አብሮ መጣ፤ በክንዷ ጠረገችው። ስቴካውን እስካሁን አልለቀቀችም። ከግድግዳው ወዲያ ሰዎቹ አሁንም ይጮሃሉ፣ ጋሽ ኃይለየሱስም ንዋይ፣ ንዋይ እያሉ ይጣራሉ። እሱ በሩ ላይ እንደቆመ ፊቷን ያያል። ዲንቄ ከሱ ዓይኗን አንስታ ጥግ ያለውን ከባዱን የስፌት መኪናዋን አየች፣ መልሳ እሱን አየች።

«ይሄ ባቡር ላይ ይጫናል?» አለችው።

«ይጫናል» አላት። «የምነዳው እኔ ነኝ።»