ባዶ መቀስ

ልብስ ሰፊውን ሰፈርተኛው ሁሉ «ነገ» ብሎ ነው የሚጠራው። ፊት ለፊት አይሉትም እንጂ እሱም ያውቃል። አንዱ «ሱሪህን ማን ጋ ሰጠኸው?» ሲባል «ነገ ጋ» ካለ፣ ጠያቂው አዝኖለት ራሱን ይነቀንቃል። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም። እጁ ወርቅ ነው፤ እሱ የሰፋው ኮት ከባለቤቱ ዕድሜ ይረዝማል ይባልለታል። ግን ደንበኛ በሩ ላይ ቆሞ ዓይን ዓይኑን ሲያየው «አይሆንም» የምትለዋ ቃል ከአፉ አትወጣም። ስለዚህ «ነገ ይደርሳል» ይላል፤ ሲልም ከልቡ ነው። ነገ ሲመጣ ግን በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆሟል።

ይህ አመሉ ከሁሉ በላይ የጎዳው ከገዛ ልጁ ጋር ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ከስምንት ዓመት በፊት ከነርስነት ትምህርት ስትመረቅ ለምርቃቷ ሰማያዊ ቀሚስ ሊሰፋላት ቃል ገባ። ጨርቁን ቀደደ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ «ነገ» ሲላት ከረመ፣ የጓደኞቿን ቀሚስ ሁሉ ሰፍቶ አስረከበ። የምርቃቱ ዕለት ጠዋት የእሷ ቀሚስ ገና ቁርጥራጭ ነበር። የሰው ቀሚስ ተውሳ ተመረቀች። አልጮኸችበትም። ብትጮህበት በስንት ጣዕሙ! ከዚያ በኋላ መምጣቷን አልተወችም፤ ግን እየራቀች ሄደች። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ብቅ ትላለች፣ ቆማ ጤንነቱን ትጠይቃለች፣ ቆማ ትሄዳለች። አንድም ቀን ተቀምጣ አታውቅም።

በዚህ ዓመት ግን አንድ ማለዳ የሽቦ ቤት አንጠልጥላ መጣች። ውስጡ ቡጢ የሚያክል አረንጓዴ በቀቀን ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። ስሙ «አለቃ» ነው፤ አቋሙን ያየ ሰው ለምን እንደተባለ አይጠይቅም።

«ሕፃን ልጄን የላባው ብናኝ እያሳለው ነው፤ ሐኪሙ አርቁት ብሏል» አለችው። «አባዬ፣ አንድ ወር ሞክረው። አለቃ ከተላመደህ እዚሁ ይኖራል፤ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሁ አየዋለሁ። ካልተላመደህ የባለቤቴ እህት ትውሰደው። እሷ ሩቅ ናት እንጂ ወፍ ትወዳለች።»

ከዚህ ሁሉ ንግግር ልብስ ሰፊው የሰማው «ቅዳሜ ቅዳሜ» የሚለውን ነው።

ልጁ አሠራሩን አስረዳችው። «የምትፈልገውን ነገር ሲያደርግ፣ በዚያችው ቅጽበት ቀጭ የሚል ድምፅ ታሰማዋለህ። ከዚያ አንድ የሱፍ ፍሬ ትሰጠዋለህ። አትቆጣው፣ አታስገድደው፣ ሲያጠፋ ዝም በለው። ግን ቀጭ ካልክ ፍሬው የግድ ነው። ተሳስተህ እንኳ ብትል ትሰጣለህ። ለሱ ያ ድምፅ ቃል ነው።» ከቦርሳዋ ሲጫኗት ቀጭ የምትል ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ልታወጣ ፈለገች፤ አጣቻት።

«ለቀጭታ እኔ ዘንድ መጣሽ?» አለ አባት፣ ትልቁን መቀሱን ከጠረጴዛው አንስቶ። ልጁ መቀሱን አየች፣ እሱን አየች፣ የሆነ ነገር ልትል ብላ ተወችው።

የመጀመሪያው ሳምንት የማር ወር ነበር። አለቃን በጓሮ ክፍል አኖረው፤ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ሩብ ሰዓት ያህል ይቀመጣሉ። ልብስ ሰፊው እርሳስ ዘረጋ። አለቃ እርሳሱን ባየ ጊዜ ቀጭ፣ ፍሬ። በምንቃሩ በነካው ጊዜ ቀጭ፣ ፍሬ። ከዚያ እርሳሱን እየተከተለ መራመድ መጣ። በአምስተኛው ቀን እርሳሱን ተከትሎ የሰውየው መዳፍ ላይ ወጣ። እግሩ ትንሽ ይሞቃል፤ ሰውየው ለመተንፈስ ፈራ። በስድስተኛው ቀን የላስቲክ ጥቅል ካለቀበት የካርቶን ቀለበት ውስጥ ሾልኮ ወጣ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ አንተማ ይሄው ሄደሃል» አለው ልብስ ሰፊው። ለልጁ ሊደውል ስልኩን አነሳና መልሶ አስቀመጠው። መጥታ በዓይኗ ትየው ብሎ።

ከዚያ ልቡ ራራና ጥፋቱን ሠራ። አለቃ ቀኑን ሙሉ ብቻውን ጓሮ መዋሉ አሳዘነው፤ የሽቦ ቤቱን ወደ ሱቁ አምጥቶ ከስፌት መኪናው አጠገብ ሰቀለው። ሰው ያያል፣ መንገድ ያያል፣ ይጫወታል አለ።

በሁለተኛው ሳምንት አለቃ ቀዘቀዘ። እርሳሱን ሲያየው ቆይቶ ይነካዋል። በሦስተኛው ሳምንት ጭራሽ ፊት ነሳው። ልብስ ሰፊው እርሳስ ሲዘረጋ ጀርባውን ይሰጠዋል፣ መዳፉን ሲያቀርብ ወደ ጥጉ ይሸሻል። በሦስት ፍሬ ሊያባብለው ሞከረ፤ አለቃ ፍሬዎቹን በላ፣ ከዚያ አውራ ጣቱን ነከሰው።

«ምን በደልኩህ?» አለው ጣቱን እየጠባ። ወሩ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ቅዳሜዎቹ አንድ በአንድ ከእጁ ሲያመልጡ ታዩት።

ማክሰኞ ዕለት አንድ የአውቶቡስ ሹፌር መጣ። ለአንድ ሱሪ ሲመላለስ ይህ አራተኛው ነው። ከበሩ ጎን ያለችውን በርጩማ ስቦ ተቀመጠና «ጋሼ፣ ዛሬ ሱሪዬን ሳልይዝ ንቅንቅ አልልም» አለ።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አሁን ነው የያዝኩልህ» አለ ልብስ ሰፊው፤ እውነትም ያዘው። የውስጥ ስፌቱን ገልብጦ እያየ፣ ከየት ልጀምር ብሎ እያሰበ፣ መቀሱን በአየር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረገ። ሲያስብ እንዲህ ያደርጋል። ሲያወራም ያደርጋል፣ መስኮት ሲመለከትም ያደርጋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያደርግ ኖሯል፤ እሱ ራሱ ግን አይሰማውም።

ሹፌሩ ሳቀ። «ይሄ ወፍ ደግሞ ደንበኛዎ ነው እንዴ?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት ስመጣ መቀሱ በጮኸ ቁጥር እስከ ሽቦ ቤቱ በር ድረስ ይመጣ ነበር። አንገቱን አስግጎ ጠብቆ ጠብቆ ይመለሳል። በቀደም ግማሽ መንገድ ድረስ መጣ። ዛሬ አንገቱን ብቻ ነው ያዞረው። እንደኔው ቀጠሮ ተሰጥቶት ነው ብዬ።»

ልብስ ሰፊው ከእጁ ሱሪውን አስቀመጠ። አለቃን እያየ መቀሱን አንድ ጊዜ ቀጭ አደረገ። ወፉ አንገቱን አዞረ፣ አየው፣ ከዚያ መልሶ ፊቱን ወደ መንገዱ አደረገ። ቂም የለበትም፤ ምንም አልጠበቀም፣ ያ ብቻ ነው። ሰውየው ይህን አስተያየት ያውቀዋል። ስምንት ዓመት ሙሉ ልጁ በሩ ላይ ቆማ ያየችው እንዲህ ነው። አቧራ ገባብኝ ብሎ ዓይኑን በእጅጌው አሸ።

የፍሬውን ቆርቆሮ አውርዶ አንድ ፍሬ ለአለቃ ሰጠ። «ከዛሬ ጀምሮ ላልኩት ሁሉ እሰጣለሁ» አለ።

መናገር ቀላል ነው። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል እጁ መቀሱን ቀጭ አደረገ። «ጋሼ፣ ቀጭ ብለዋል!» ጮኸ ሹፌሩ። ተነሣ፣ ፍሬ ሰጠ። ተቀመጠ፣ አንድ መስመር ሰፋ፣ ቀጭ። «ብለዋል!» ተነሣ። ጉልበቱ ተንቋቋ። ከሰዓት በኋላውን ሠላሳ አንድ ጊዜ ተነሥቶ ተቀመጠ፤ ፍሬውን ከአራት እየቆረሰ ባይሰጥ ኖሮ አለቃ በቁንጣን ይሞት ነበር። ሹፌሩ ግን ሱሪውን ይዞ ሲሄድ ገና አልመሸም።

ረቡዕ አሥራ ሁለት ጊዜ ተነሣ። ሐሙስ አራት ጊዜ። ጉልበቱ ለእጁ ጨዋነት አስተማረለት። ሐሙስ ዕለት አንዲት ሴት ለነገ የምትፈልገው ጉርድ ይዛ መጣችና በሩ ላይ ቆማ ዓይን ዓይኑን አየችው። መቀሱ በእጁ ነበር። አፉን ከፈተ፣ አለቃን አየ፣ ዘጋው።

«ነገ አይደርስም» አለ። «የሚደርሰው የሚመጣው ሐሙስ ነው።»

ሴትየዋ ትንሽ አሰበችና «እሺ፣ ሐሙስ እመጣለሁ» ብላ ሄደች። ልብስ ሰፊው በሩን እያየ ቆመ። ለካ ነገሩ ይኸው ነበር። ሠላሳ ዓመት ይህን አለማወቁ አናደደውም፣ አሳቀውም።

አለቃ ለመመለስ ጊዜ ወሰደ፤ እምነት እንደ ጨርቅ አይተኮስም። በቀጣዩ ሳምንት ሰኞ እርሳሱን ነካ። ረቡዕ ተከተለው። ዓርብ ጠዋት መዳፉ ላይ ወጣና ከአውራ ጣቱ ጠባሳ አጠገብ ተደላድሎ ቆመ።

ወሩ ባለቀበት ቅዳሜ ልጁ መጣች። ሕፃኑን ለባሏ ትታ ነው። እንደ ልማዷ በሩ ላይ ቆመች። አባቷ የሽቦ ቤቱን ከፈተ፣ እርሳሱን ዘረጋ። አለቃ መዳፉ ላይ ወጣ፣ በቀለበቱ ሾለከ፣ ተመልሶ ወጣ። ቀጭ። ፍሬ። ልጁ አፏን በእጇ ያዘች።

«አባዬ፣ ይሄን ወፍ ምን አደረግከው?»

«እሱ ነው እኔን ያደረገኝ» አለና ከመሳቢያው አንድ ነገር አወጣ። ሰማያዊው ቀሚስ ነበር። ስምንት ዓመት የተቀመጠውን ቁርጥራጭ በዚያ ሳምንት ገጣጥሞ ሰፍቶታል።

ልጁ ቀሚሱን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ መስተዋቱ ዞረች። «ይሄ እኮ የያኔዋ ልጅ ልክ ነው። እኔ ወልጃለሁ።»

«አውቃለሁ። በየስፌቱ ውስጥ ሦስት ሦስት ጣት ትርፍ ትቻለሁ። ተቀመጪ።»

«ልሂድ፣ ሌላ ቀን...»

«ሌላ ቀን የለም። አሁን ነው። አርባ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።»

ልጁ በርጩማዋን ስባ ተቀመጠች። ሜትሩን ወገቧ ላይ አዞረ። መኪናው ጮኸ፣ አለቃ ትከሻዋ ላይ ወጥቶ የጆሮ ጉትቻዋን መረመረ፣ እሷም ስለ ሕፃኑ፣ ስለ ሥራዋ፣ ስለ እንቅልፍ ማጣቷ አወራችለት። በሠላሳ ስምንተኛው ደቂቃ ቀሚሱ ልኳ ሆነ። ከጓሮ ክፍሉ ለብሳው ወጣች፤ አባቷም የክር ጫፍ የሚፈልግ መስሎ አጎነበሰ።

አለቃን ወደ ሽቦ ቤቱ መልሳ፣ ቀሚሱን እንደለበሰች ልትሄድ ተነሣች። «አለቃ እዚሁ ይሁን። ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች ከበሩ ላይ።

አባት ራሱን ነቀነቀ። «ቃል ግቢልኝ» ሊል አማረው፤ ግን ይህን የመጠየቅ መብት የለኝም ብሎ ተወው። ልጁ ፊቱን አነበበችው። ተመልሳ ገባች፣ ትልቁን መቀስ ከጠረጴዛው አነሳች፣ በአየር ላይ አንድ ጊዜ ቀጭ አደረገች። አለቃ ከሽቦ ቤቱ ጥግ ተነሥቶ እየተጣደፈ እስከ በሩ መጣና አንገቱን አሰገገ።

አባቷ ወደ ፍሬው ቆርቆሮ ሲሮጥ ልጁ መቀሱን ወደ ቦታው መለሰች።

«የአለቃን አንተ ስጠው» አለች። «ያንተን ቅዳሜ አመጣልሃለሁ።»