ገጹ ላይ ደህና ናት

በርናዲን ያንታ ከሥራ የተቀነሰችው በረዶ መውረድ በጀመረ ሰሞን ነው። ኦታዋ ዳር ያለው የቴሌኮም ኩባንያ መጀመሪያ አንዱን ፎቅ ባዶ አደረገ፤ ቀጥሎ ሌላውን፤ ከዚያ ተራው የእሷ ክፍል ሆነ። ባልደረቦቿ መኪና ማቆሚያው ላይ ተቃቅፈው ሲላቀሱ እሷ ከመኪናዋ መስታወት ላይ ውርጭ ስትፍቅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ በእናቷ ጉበት ላይ የማይድን ካንሰር እንደተገኘ ሐኪማቸው ነገራት። «እሺ» አለችው። አፓርታማዋን ለቀቀችና ፔምብሮክ ያለው የእናቷ ቤት ገባች።

እናቷ ወይዘሮ ሄድቪግ ሆስፒታል አልተኛም ብለው ነበር። አልጋቸው ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተዘረጋ። ሦስት ልጆች ነው ያሏቸው። ታላቁ ክሌመንስ ካልጋሪ ከባድ መኪና ይነዳል፤ መካከለኛዋ ቴሬዛ ሃሊፋክስ ታስተምራለች፤ በርናዲን የመጨረሻዋ ነች። ሁለቱ ታላላቆች መምጣት ባይችሉ ስልኩን አላስቀምጥ አሉት። ወይዘሮ ሄድቪግ ገና ዓይናቸውን ሲከድኑ ይጮሃል፤ በርናዲን ሾርባ ስታማስል ይጮሃል። «በላች? ስንት ማንኪያ? ተኛች? ሐኪሙ ምን አለ?» ለአንዱ ተናግራ ሳትጨርስ ሌላዋ ትደውላለች።

እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው በርናዲን ከአፓርታማዋ ካመጣችው ካርቶን ውስጥ አንዲት የእጅ ኮምፒውተር ፈልጋ ያወጣችው። መዳፍ የምታህል፣ በትንሽ ብዕር መስታወቷን እየነኩ የሚጽፉባት ዓይነት ነች። በርናዲን ከፋብሪካ አብሯት የመጣውን ፕሮግራም አውጥታ ጥላ ሊኑክስ በሚባል ሌላ ፕሮግራም ተክታዋለች፤ አናቷ ላይም ከኢንተርኔት የሚያገናኛትን ገመድ አልባ ካርድ ሰክታላታለች። አሁን ደግሞ የተጻፈባትን ለሩቅ ሰው ገጽ አድርጋ የምታሳይ ትንሽ ሰርቨር ጫነችባትና አድራሻውን ለወንድምና ለእህቷ ላከች። ሌላ ኮምፒውተር መሃል የለም። ክሌመንስ ካልጋሪ ሆኖ ገጹን ሲከፍት መልስ የምትሰጠው ከእናቱ መነጽር አጠገብ የተቀመጠችው ያች ማሽን ራሷ ነች። በርናዲን አልጋው ጎን ቁጭ ብላ አንድ መስመር ስትጽፍ ወዲያው እዚያ ይነበባል።

ወይዘሮ ሄድቪግ ከትራሳቸው ቀና ብለው አዩአት።

«ምንድን ነው ይሄ የምትጎረጉሪው?»

«ስላንቺ እየጻፍኩ ነው፣ እማ። እነክሌመንስ እንዲያነቡት።»

«ያዩኛል እንዴ?»

«አያዩሽም። የምጽፈውን ነው የሚያነቡት።»

«እንግዲያው ጸጉሯን ተሠርታለች በያ። ማን መጥቶ ያጣራል?»

በርናዲን ጻፈችው። ከደቂቃ በኋላ ክሌመንስም ቴሬዛም ገጹን ሲከፍቱ በማሽኗ መስታወት ጥግ ከሚወጣው ምልክት አየች። የዚያን ቀን ስልኩ አልጮኸም።

ነገሩ ለወይዘሮ ሄድቪግ ጨዋታ ሆነላቸው። ወሩ የከርሊንግ ውድድር የሚታይበት ነው፤ እሳቸው ደግሞ በጉልምስናቸው ከባዱን ድንጋይ በበረዶው ላይ ሲያንሸራትቱ የኖሩ ሴት ናቸው። ቴሌቪዥኑን እያዩ ያጽፏታል።

«ጻፊ። ያቺ የሳስካችዋን ልጅ ድንጋዩን የምትለቀው እንደ ድንች ጆንያ ነው።»

«ጻፍኩ።»

«ጻፊ። ቴሬዛ የላከችው ኬክ ሲሚንቶ ነው።»

«እሱን እንኳ አልጽፍም።»

«ፈሪ! አባትሽን ነው የወጣሽው።»

በርናዲን ትጽፋለች፤ ትሥቃለችም። ግን ሣቁ ከአንገት በላይ ነበር፤ ወደ ውስጥ አይወርድም። ጠዋት ስትነሳ መድኃኒት ትሰጣለች፤ አንሶላ ትቀይራለች፤ ማሽኗ ስትግል ካርዱን ነቅላ ታበርዳለች፤ መልሳ ትሰካለች። እጇ ሥራውን ያውቀዋል። እሷ ራሷ ከእጇ ትንሽ ራቅ ብላ የቆመች ይመስላት ነበር፤ ልክ የሰው ቤት በመስኮት እንደሚያይ ሰው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወይዘሮ ሄድቪግ ስልኩን ሲያዩ ቆዩና፣

«ተበላሽቷል እንዴ?» አሉ።

«ምኑ?»

«ስልኩ ነዋ። እስቲ አንሺና ስሚው።»

አነሣችው። ይሠራል። እንዲሰሙትም ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው።

«ታዲያ ክሌመንስ ምን ነካው? አሞታል?»

«አላመመውም። ገጹን ያነባል፣ እማ። ጠዋትም ማታም ነው የሚከፍተው። ቴሬዛም እንደዚያው።»

ወይዘሮ ሄድቪግ ስልኩን መለሱላት። ከዚያ በቀስታ፣

«እነሱስ እኔን አነበቡ» አሉ። «እኔ እነሱን በምን ላንብባቸው?»

ወይዘሮ ሄድቪግ ወደ ማሽኗ ዞሩ።

«አጥፊያት።»

«እማ...»

«አጥፊያት አልኩሽ።»

አጠፋቻት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ስልኩ ጮኸ። ክሌመንስ ነው፤ ከኋላው የሞተር ድምፅ ይሰማል።

«በርኒ፣ ገጹ እምቢ አለኝ። ምን ሆነ?»

«አጥፍቼው ነው።»

«ለምን? ከትናንት ጀምሮ ስሞክር ነው ያደርኩት እኮ! ሰው እንዲህ ያደርጋል? እኔ እዚህ ሆኜ ምን እንደተፈጠረ በምን አውቃለሁ?»

«እናትህ እዚህ አጠገቤ ናት። ጠይቃት።»

«እ... ቆይ፣ አሁን እኮ...»

በርናዲን ስልኩን ለእናቷ ሰጠች። ወይዘሮ ሄድቪግ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አቤት፣ ክሌም። ... አለሁ። ... በረዶ አለ? ... መኪናህስ? ... ጎማ ቀየርክ? ... ደግ አደረግክ። ... እኔማ ምን እሆናለሁ። ... እሺ። ... እሺ፣ ልጄ።»

ወይዘሮ ሄድቪግ ስልኩን ከጆሯቸው አላራቁም፤ አንድም ቃል አልተናገሩም። በመጨረሻ «በል፣ ሥራህን ሥራ» አሉና መለሱላት።

ትንሽ አረፉ፤ ከዚያ ወደ ማሽኗ በአገጫቸው ጠቆሙ።

«አብሪያት።»

«ለምን? ይኸው ደወለልሽ አይደል?»

«ደወለ። የሚለው ጠፍቶት ትንፋሹን ስሰማ ቆየሁ። አባቱም እንዲሁ ነበር። አውራ ከምትይው እንጨት ፍለጥ ብትይው ይመርጣል። ተይው ያንብብ። ልጁን አታስጨንቂው።»

በርናዲን አበራቻት። ክሌመንስ ወዲያው ሲከፍት አየችው።

ወይዘሮ ሄድቪግ ያረፉት የካቲት ውስጥ፣ ፀሐይ በበረዶው ላይ ዓይን በምታጥበረብርበት አንድ ጠዋት ነው። ሁለት ጉንጭ ሻይ ጠጥተው ነበር። በርናዲን ገጹ ላይ «ሻይ ጠጥታለች። ከርሊንግ እያየች ነው» ብላ ጻፈችና ኩባያውን ልታጥብ ወደ ጓዳ ሄደች። ስትመለስ ቴሌቪዥኑ ውስጥ ተጫዋቾቹ ለድንጋዩ በረዶውን በመጥረጊያ እየፈተጉ «ጥረጊ! ጥረጊ!» እያሉ ይጮሃሉ፤ የእናቷ ዓይን ወደዚያው ነው፤ እያየ ግን አልነበረም።

ገብቷታል። አልጮኸችም። ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና እጃቸውን ያዘች፤ ጨዋታው እስኪያልቅ ድረስም አልተነሣችም። ማን እንዳሸነፈ ሰማች። አስተያየት ሰጪዎቹ ስለ መጨረሻው ድንጋይ ሲከራከሩም ሰማች። ከዚያ ቴሌቪዥኑን ዘግታ ቤት እየመጣች ታያቸው ለነበረችው ነርስ ለኮሌት ደወለች።

ኮሌት ጫማዋን በር ላይ አውልቃ በካልሲ ገባች። ዓመታት ሙሉ በየቤቱ እየዞረች እንዲህ ያለውን የለመደች ሴት ነች። አየች፤ የወይዘሮ ሄድቪግን ዓይን ከደነች፤ ከዚያ ወደ በርናዲን ዞረች።

«አልቅሺ እንጂ፣ የኔ እናት። ማንም የለም እኮ።»

«አልመጣ አለኝ።»

«እሺ። ይመጣል። ባይመጣም ግድ የለም። በይ፣ ሙቅ ውሃ አምጪልኝ፤ እናጥባቸው።»

ውሃውን ይዛ ስትመጣ ስልኩ ጮኸ። ቴሬዛ ነበረች፤ ድምፅዋ ፍንድቅድቅ ብሏል።

«በርኒ! ተማሪዎቼ ዕረፍት ላይ ናቸው፤ አሁን ገጹን አየሁት። ከርሊንግ ታያለች? ሻይም ጠጣች? ጎሽ! በይ ለፋሲካ እንደምመጣ ንገሪያት። ትኬቱን ልቆርጥ ነው።»

በርናዲን የውሃውን ሳፋ እንደያዘች ቆመች። ውሃው ይተናል።

«እሺ» አለች። «እነግራታለሁ።»

ስልኩን ዘጋች። ኮሌት በበሩ በኩል አየቻትና መጥታ ሳፋውን ተቀበለቻት።

አጥበው፣ ለውጠው፣ አንሶላውን ካስተካከሉ በኋላ በርናዲን ለክሌመንስ ደወለች።

«እማ አርፋለች፣ ክሌም።»

«ምን?»

«ጠዋት። ሻይዋን ከጠጣች በኋላ።»

«ኧረ ተይ። ገጹ ፊቴ ተከፍቷል እኮ። ይኸው፣ ከርሊንግ እያየች ነው ይላል።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ክሌም።»

ሞተሩ ጠፋ። መኪናውን ወደ ዳር አውጥቶ ማቆሙን ከድምፁ አወቀች። ከዚያ፣

«ገጹን አትንኪው» አላት። «ዛሬ ብቻ። እስክመጣ እንደዚያው ይሁን።»

«እሺ።»

ለቴሬዛ መልሳ መደወሉ ከበዳት፤ ግን ደወለች።

«ቅድም ስደውልስ?» አለች ቴሬዛ፣ ለቅሶዋ መለስ ሲልላት።

«ያን ጊዜም አርፋ ነበር።»

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም? ምን ዓይነት ሰው ነሽ አንቺ?»

በርናዲን ይህንንም አላወቀችም። ቴሬዛ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ሁለቱም በማግስቱ ደረሱ። ክሌመንስ እንደገባ ካፖርቱን ሳያወልቅ «የታለች?» አለ። በርናዲን ስለ እናታቸው የጠየቀ መስሏት «ቀብር አስፈጻሚዎቹ ጋ» አለችው። ራሱን ነቀነቀና ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ማሽን አነሣ። ትልቅ መዳፉ ላይ የመጫወቻ ካርታ የምታህል ሆነች።

«ይህችው ነች?»

«ይህችው ነች።»

«ትሞቃለች።»

«እንደዚያ ነች።»

በቀስታ መልሶ አስቀመጣት።

ከቀብር በኋላ ቤቱ በሰው ሞላ። የሰበካው ሴቶች ሳንድዊች በየትሪው አመጡ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ትልቁ የሻይ ማፍያ መጣ። ቴሬዛ ለማፍያው ሶኬት ስትፈልግ ከጠረጴዛው ኋላ አንድ ቀጭን ገመድ አገኘችና ነቀለችው። የማሽኗ ቻርጀር ነበር። ባትሪዋ አርጅቷል፤ ገመድ አልባ ካርዱም ባለ በሌለ ኃይሉ ይጠጣዋል፤ የተጻፈው ሁሉ ደግሞ የሚቀመጠው ባትሪው እስካለ ብቻ ነው። እንግዶቹ ተሰናብተው ሲያልቁ በርናዲን ሰካቻትና አበራቻት። ማሽኗ ገና ከሱቅ እንደወጣች ሁሉ ብዕሩ የሚነካበትን ቦታ ልትለካ «መሃሉን ንኩ» አለቻት። ገጹ ባዶ ነበር።

«ጠፍቷል» አለች።

«ምኑ?» አለች ቴሬዛ።

«እማ ያጻፈችው ሁሉ።»

ቴሬዛ የነቀለችውን ገመድ አየች፤ እጇንም አየች።

«ሌላ ቦታ አላስቀመጥሽውም?»

«አላስቀመጥኩም።»

«ኢንጂነር እኮ ነሽ! ሥራሽ ይሄ እኮ ነው!»

«አዎ።»

«አዎ ትላለች እንዴ! ክሌም፣ አዎ ትላለች!»

ክሌመንስ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር። ሳይዞር፣

«ቴሬዝ፣ ተያት» አለ። «አንብበነዋል። ይበቃል።»

ቴሬዛ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ቆለፈች። ለቅሶዋ እስከ ሳሎን ይሰማ ነበር። በርናዲን የቀሩትን ሳንድዊቾች በፕላስቲክ እየጠቀለለች ማቀዝቀዣ ውስጥ ደረደረች። ልትናደድ ሞከረች፤ ለመጸጸትም ሞከረች። እጇን በረዶ ውስጥ ብዙ ያቆየ ሰው ጣቱን ሲቆነጥጥ እንደሚሆነው ሆነባት፤ መነካቱን ታውቃለች፣ ሕመሙ ግን የለም።

ቤቱ በመጪው በጋ እንዲሸጥ፣ እስከዚያ በርናዲን እንድትኖርበት ተስማሙ። ቴሬዛ ቀድማ ሄደች፤ ስትሰናበታት ጉንጯን ብቻ ሳመቻት። ክሌመንስን በርናዲን ራሷ ኦታዋ አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰችው። መንገዱን ሙሉ ስለ ናፍጣ ዋጋና በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ ስለሚበተነው ጨው አወራት። ሲወርድ ሻንጣውን መሬት ላይ አኖረና በካፖርቱ ግጥም አድርጎ አቀፋት።

«አንቺ ነሽ አብረሻት የነበርሽው» አላት። «እኔ አልነበርኩም።»

ሻንጣውን አንሥቶ ገባ።

ስትመለስ በረዶ ጀመረ። መንገድ ላይ ያለችው አርንፕራየር ከተማ ስትደርስ ከጠዋት ጀምሮ እህል እንዳልቀመሰች ትዝ አላትና መንገድ ዳር ያለ ምግብ ቤት ገብታ እንቁላልና ድንች አዘዘች። አስተናጋጇ ሳህኑን ስታስቀምጥ «መንገዱ እንዴት ነው?» አለቻት።

«ያንሸራትታል» አለች በርናዲን።

ሁሉንም በላች። ጨው እንዳነሰው ተሰማትና ጨመረችበት። ስትወጣ በረዶ ጠራጊው መኪና ቢጫ መብራቱን እያሽከረከረ በመንገዱ ላይ እያዘገመ ነበር። ከኋላው ገባች፤ ልትቀድመው አልሞከረችም፤ እስከ ፔምብሮክ ተከተለችው።