የእማማ ዘርፉ ድንኳን

ናዝሬት ውስጥ «ወይዘሮ አንቀጽ» ሲባል የማያውቃት የለም። ስሟ ወሰንየለሽ ነው። ከሞጆ እስከ መተሐራ ያለ እድር፣ የትምህርት ቤት ኮሚቴና የሴቶች ማኅበር ደንብ ሲያወጣ፣ ሊቀ መንበር ሲያወርድ ወይም ስብሰባ ሲታመስበት እሷን ያስጠራል። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትሄዳለች፣ የተጣላውን ኮሚቴ አማክራ ትመለሳለች። ሰው «ሙያ አላት» ይላል። አዎ፣ አላት፤ ሙያውን የተማረችው ግን በአንድ ሰው ምክንያት ነው።

ያ ሰው ካሣ ነው። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ ባሏን መምህር ኃይለየሱስን ገድለው መንገድ ዳር ሲጥሉት ካሣ የቀበሌው ሊቀ መንበርም የእድሩ ዳኛም ነበር። «ለጸረ አብዮተኛ ድንኳን አይተከልም፣ የሚያለቅስም ወዮለት!» አለ። ወሰንየለሽ አፏን በነጠላዋ አፍና ተቀመጠች። ጎረቤቱ «እግዜር ያጽናሽ» ማለት ፈርቶ በሌላ መንገድ ዞረ። በማግስቱ የእድሩን ደንብ ለምና አነበበችው። ድንኳን መከልከል የሚል ቃል የለበትም! ከዚያ ወዲያ በከተማው ያላነበበችው ደንብ የለም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ሰባት ዓመት ጠበቀች። በሰባ ሰባት፣ ሐምሌ ላይ፣ የካሣ እናት እማማ ዘርፉ አረፉ። ካሣ በዚያን ጊዜ የፓርቲ ቢሮ ገብቶ ተኮፍሶ ነበርና የሰው ቀብር መሄድ ትቷል። የእድሩ ደንብ ደግሞ ሦስት ቀብር በተከታታይ የቀረ አባል ይሰረዛል፣ ድንኳንም አያገኝም ይላል። አንቀጹን ማን እንዳረቀቀው መናገር አያስፈልግም።

የወቅቱ የእድሩ ዳኛ ሽማግሌው አቶ መርዳሳ ጨነቃቸው። ጠዋት በካፊያ፣ ወሰንየለሽ ቤት ድረስ መጡ። «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርሽ ልጄ። ሬሳ እቤት ተኝቶ ደንብ እንቁጠር? ምን ይሻላል?»

«ደንቡ ይቅርታም ይፈቅዳል» አለች። «አባሉ በጉባኤ ቆሞ ግለ ሂስ ካደረገ።»

ካሣ ራሱ መጣ። «ወይዘሮ ወሰንየለሽ፣ በእናቴ ሬሳ ይዤዎታለሁ።» ድሮ «አንቺ» ነበር የሚላት።

«ምነው፣ ግለ ሂስ ጠፋህ? ስንቱን አስደርገህ!» አለችው።

«ቀብር ቀርቻለሁ፣ አጥፍቻለሁ እላለሁ።»

«እሱ ትንሹ ነው። ኃይለየሱስን በስሙ ጠርተህ፣ ድንኳኑን ያለ ደንብ የከለከልኩት እኔ ነኝ፣ ሰውየው ሊለቀስለት ይገባ ነበር ትላለህ። በቃለ ጉባኤ እጽፈዋለሁ፣ ትፈርምበታለህ።»

ለተገደለ ጸረ አብዮተኛ የተቆረቆረ ካድሬ ዕጣው ምን እንደሆነ ከካሣ በላይ የሚያውቅ የለም። «ያባርሩኛል፤ ሊያስሩኝም ይችላሉ» አለ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ» አለች፤ ደስም አላት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እሷ ጸሎቱን ከተወችው ቆይታለች።

ጉባኤው እዚያው እለቅሶው ደጅ ቆመ። ካሣ የእናቱን ቤት በር አየ፣ ካፊያ የሚመታውን ሰው አየ፣ ከዚያ ተናገረ። «ኃይለየሱስ» ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አልተሰማም፣ ድገመው» አለችው። ደገመው። አንዲት ቃል ሳታስቀር ጻፈች፣ እሱም ፈረመ። አባላቱ እጃቸውን አወጡ፣ ድንኳኑም ተተከለ።

ከዘመድ ሁሉ ቀድማ የገባችው እሷ ናት። ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ መሀል ቆማ ደረቷን እየደቃች «ኃይለየሱስ! ኧረ ኃይልዬ!» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ መጀመሪያ ተያዩ። ከዚያ አንዷ ተቀበለቻት፣ ሌላዋም ተከተለች፤ እያንዳንዷ በዚያ ዘመን ያፈነችውን ልጅና ወንድም በስሙ እየጠራች ድንኳኑን አደበላለቀችው።

«የእናቴ ለቅሶ ነው እኮ!» አለ ካሣ። የሰማው የለም።

አቶ መርዳሳ ክንዷን ያዝ አድርገው «በቃ ልጄ፣ ለሟቿም እናልቅስ» አሏት።

«ልጃቸው ያልቅስላቸው» አለቻቸውና ደረቷን መታች።