የታንኳ ቀዛፊው ዜና ሕይወት

ለነገሥታት ዜና መዋዕል፣ ለጻድቃን ገድል ተጽፎላቸዋል፤ ለቀረው ሕዝብ ግን፣ አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ ሳይታወቅ መጥቶ ሳይታወቅ ማለፍ ብቻ ተደንግጎለታል ብሎ የሚያምን ሊቅ ሞልቷል፤ ሊቅነቱም የሚጸናው እንጀራውን የጋገረችለትን ሴት ስም እስኪጠይቁት ድረስ ነው።

በጣና ባሕር ላይ፣ ጉምን እንደ ነጠላ በምትከናነብ በደብረ ጽጌ ደሴት፣ እመት ጠጂቱ የሚባሉ አንደበተ ርቱዕ፣ ልበ ኩሩ አልቃሽ ነበሩ። ልማዳቸውም ሰው ሳይሞት አስቀድመው ከደጁ ተቀምጠው የልጅነቱንና የፍቅሩን፣ የመከራውንና የደስታውን ነገር መስማት፣ የሰሙትንም በልባቸው ማኖር ነበር፤ ሲመጡ ያየ ሽማግሌ ሁሉ «ኧረ ገና ነኝ፣ እመት!» እያለ ይቀልድባቸው ነበር። በስተርጅና ግን ልቡናቸው ጉም ገባው፤ በውስጡ ያኖሯቸው ሰዎች ሁሉ፣ ገመዳቸው እንደ ተፈታ ታንኳዎች፣ በዝግታ ተንሳፍፈው አንዱ ከሌላው ይቀላቀል ጀመር። እሳቸውም ይህን ለማንም አልተናገሩም፤ ኩራታቸው የት ሄዶ!

አያ ድንበሩ የተባለው ቀዛፊ በተቀበረ ዕለት ግን ምስጢሩ ወጣ። እመት ጠጂቱ ባማረ ዜማ ሙሾ ሲያወርዱ፣ ከአምስት ዓመት በፊት የሞተውን አዳኝ ጀብዱ ለቀዛፊው ሰጡት፤ ጎሽ በጦር ጣለ ብለው አሞገሱት። የቀዛፊው ሚስት ውቢት ከለቀስተኛው መካከል ብድግ አለች።

«እመት፣ ይሄ ደግሞ የማን ባል ነው? የኔውስ፣ ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቱን ያዞር ነበር!»

ለቀስተኛው አፉን በነጠላው ሸፍኖ ሳቀ፤ ውቢት ግን አልሳቀችም፤ «ባሌን ሳይለቀስለት ቀበሩብኝ» ብላ ተቀመጠች። ይህች ቃል በእመት ጠጂቱ አጥንት ውስጥ ገባች። እስከ ዐርባው ተዝካር ድረስ የሟቹን እውነተኛ ሕይወት መልሰው ካላገኙ፣ እሱም ያለ ልቅሶ፣ እሳቸውም ያለ ክብር መቅረታቸው ነው።

በማግስቱ ወደ መሪጌታ ላእከ ማርያም፣ ወደ ብራና ጸሐፊው ሄዱ። መሪጌታም «እመት፣ ብራና የጻድቃንና የነገሥታት ነው፤ ቀዛፊ ምን ገድል አለው?» አሉ።

«እርስዎስ በተማሪነትዎ ወደዚህ ደሴት በምን መጡ? በክንፍ?»

«አንድ ቀዛፊ አሻገረኝ፤ መልኩ ጠፍቶኛል።»

«እንግዲህ ሁለታችንም ረስተናል፤ ብዕርዎን ይያዙና ይከተሉኝ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ውቢት ተናገረች፣ መሪጌታ ጻፉ፣ እመት ጠጂቱም አጠገባቸው ተቀምጠው አዳመጡ። ባሏ ንጋት ላይ ከባሕሩ መካከል መቅዘፉን አቁሞ ጉማሬዎቹን በየስማቸው እየጠራ «እንዴት አደራችሁ?» እንደሚላቸው ነገረቻቸው፤ ሴት ልጃቸው ከሰጠመች ወዲህም «ዋና ታውቃለህ?» ብሎ ሳይጠይቅ ማንንም በታንኳው እንዳላሳፈረ ስትነግራቸው፣ የመሪጌታ ብዕር ቆመች።

«ጠይቆኛል» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። «እኔም 'የምዋኘው በመጻሕፍት ባሕር ነው' ብዬ ዘበትሁበት። እሱ ግን ወገቤን በገመድ ከወገቡ ጋር አስሮ አሻገረኝ፤ ሞኝ መስሎኝ ነበር።» ዕንባቸውም ብራናው ላይ እንዳይወርድ ፊታቸውን አዞሩ።

በዐርባው ቀን መሪጌታ ከኋላ ቆመው በለሆሳስ እያነበቡ፣ እመት ጠጂቱ ቃሉን እየተቀበሉ አለቀሱ፤ ጉማሬዎቹ በስማቸው ተጠሩ፣ ገመዱም ከወገብ ወደ ወገብ ታሰረ። ውቢት «ይሄ የኔ ነው፤ ይሄስ የኔው ነው!» ብላ ደረቷን መታች፣ ከሞቱ ወዲህ አልፈስ ብሎ የነበረውም ዕንባዋ ወረደ። በሌላ ሰው ሕይወት የተለቀሰለት ሙት በወዲህኛው ዳር ቆሞ ቀዛፊ ሲጠራ ይኖራልና፣ የሚሻገረው በገዛ ሕይወቱ የተለቀሰለት ነው።