በር ላይ የደረሰ አደራ

«እማማ፣ እዚያው ይቁሙ» አለች ብሩክታይት፣ መሣሪያዋን ወደ ደረቷ አስጠግታ።

ማሚቱ ከጎሮ አስፋልት ወደ ካምፑ በር የሚወስደውን ኮረኮንች አጋምሰው ነበር። በየቀኑ ለወታደሮቹ ዳቦ የሚያመጡበት ዘንቢል ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ዛሬ ግን በጨርቅ የታሰረ ጥቅል በሁለት እጃቸው አቅፈዋል።

«ምነው ልጄ፣ ጠፋሁብሽ እንዴ?»

«አውቄዎታለሁ። የያዙት ምንድን ነው?»

«አደራ ነው። ታክሲ ስጠብቅ አንዲት ሴትዮ ካምፕ ላለው ወታደር ለካሳዬ ያድርሱልኝ ብላ ሰጠችኝ።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«የሰው አደራ ይፈታል እንዴ?»

ብሩክታይት ዓይኗን ጥቅሉ ላይ ተከለች። ጠዋት ሰልፍ ላይ አዛዣቸው የሽብር ጥቃት ማስጠንቀቂያ መድረሱን ነግሯቸዋል። «ፈንጂ ሲልኩባችሁ በማታውቁት ሰው እጅ አይልኩም፤ በምታምኑት ሰው እጅ ነው የሚልኩት» ብሎ ነበር። ከበሩ ጀርባ ለምሳ የተሰለፉት ወታደሮች ሲሳሳቁ ይሰማታል።

አብሯት ዘብ የቆመው ገሰሰ ግን ፈገግ አለ። «ተያቸው ባክሽ። እሳቸውን ፈትሸን በምን ዓይናችን ዳቧቸውን ልንበላ ነው? እማማ፣ በካሳዬ ቀናሁ። ዳቦ ቆሎ ይሆን?»

«እኔ ምን አውቄ፤ ብቻ ከባድ ነው። እናቱ ነኝ ነው ያለችኝ።»

የገሰሰ ፈገግታ ጠፋ።

«የካሳዬ እናት?»

«አዎ።»

«ብሩክታይት» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «የካሳዬ እናት እኮ ሞተዋል። አርባቸውን አውጥቶ የተመለሰው በቀደም ነው።»

ብሩክታይት ሌላ ምክንያት ፈለገች። አክስትም እናት ትባላለች፤ ያሳደገች ጎረቤትም እናት ትባላለች። ጠርተው እንዳይጠይቁት ካሳዬ ስምሪት ላይ ነው። እርግጡን የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው የለም።

ማሚቱ የሁለቱን ፊት አይተው ገባቸው።

«እመብርሃን፣ ምንድን ነው ያሸከመችኝ?»

«አይደንግጡ። ቀስ ብለው መሬት ያስቀምጡትና ዞር ይበሉ።»

«በምን ጉልበቴ ጎንበስ ብዬ? ሸክሜን ሁልጊዜ የምታወርዱልኝ እናንተ አይደላችሁ?»

ገሰሰ «ይጣሉት» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ፈንጂ አምካኞቹን በሬዲዮ ጠራ። «እየመጡ ነው፤ ግን መንገዱን ታውቂዋለሽ፣ ይዘገያሉ» አላት።

«እጄ ዝሏል ልጄ» አሉ ማሚቱ። ጥቅሉ በክንዳቸው ላይ ትንሽ ተንሸራተተ።

ብሩክታይት ወደ አሸዋ ከረጢቶቹ ተመለከተች። ትእዛዙ ከእነሱ ጀርባ ግቡ ይላል። ሰውነቷም ግቢ ግቢ ይላታል። ከበሩ ወዲያ አንዱ ቀልድ ጨርሶ ሰልፈኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሳቀ።

«ሰልፉን በትነው» አለች። «ሁሉም ወደ ኋላ ይሽሽ። አንተም ግባና በሩን ዝጋው።»

«አንቺስ?»

«ዝጋው አልኩህ።»

መሣሪያዋን አቀበለችው። የበሩ መወርወሪያ ከኋላዋ ሲቆለፍ ሰማች፤ ሁለቱንም እጆቿን ዘርግታ ወደ ማሚቱ መራመድ ጀመረች።

«መጣሁ እማማ። አጥብቀው ይያዙት፤ አብረን እናወርደዋለን።»